ስለ አውቶሞቢል ቤት ወለልና ስለ ኤፖክሲ ቅብ አመራረጥ

አባቶቻችን ፈረስና በቅሎ ሲያሳድሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት የጋጣውን መሬት ነበር። ጋጣው ውሃ የሚቋጥር እንደ ሆነ የከብቱ ኮቴ ይበሰብሳል፤ አዳላጭ እንደ ሆነም ሰጋሩ በቅሎ እንኳ ይወድቃል። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ጌጠኛ ኮርቻ ከመግዛቱ በፊት የጋጣውን መሬት በጠጠር ያስደለድል፥ ውሃው የሚወርድበትንም ቦይ ያስቀድድ ነበር። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ገደማ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ጋጣው ቀስ በቀስ ስፍራውን ለአውቶሞቢል ቤት ለቀቀ። ይሁን እንጂ የአባቶቻችን ጥንቃቄ ከጋጣው ጋር አብሮ የተሻረ አድርገን ማሰባችን ስሕተት ነው። አውቶሞቢል ኮቴ ባይኖረውም በወለሉ ላይ የሚመላለሱት ሰዎች እግር አላቸውና።

በከተማችን የአውቶሞቢል ቤት የአውቶሞቢል ብቻ አለመሆኑን ቤተ ሰብ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ድግስ ሲሆን ድስት ይጣድበታል፤ እንግዳ ሲበዛ አውቶሞቢሉ ወደ ደጅ ወጥቶ ወንበር ይደረደርበታል፤ በአንዱ ጥግም የጤፍ ጆንያና ከሰል ይቀመጥበታል። እንግዲህ የዚህ ቤት ወለል ጉዳይ የሾፌር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመላው ቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ብዙ ሰዎች የሲሚንቶውን ወለል ኤፖክሲ በሚባለው ቅብ አስቀብተው እንደ መስተዋት ሲያብረቀርቅ ማየት ስለ ወደዱ፥ «የትኛውን ቆርቆሮ እንግዛ?» እያሉ መጠየቃቸው አልቀረም። የእኛ መልስ አጭር ነው፤ ከቆርቆሮው በፊት ወለሉ ይመርመር። ይህንንም የምንለው በገዛ ቤታችን ተቀጥተን የተማርነው ስለ ሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘመን መለወጫ በዓል ሲቃረብ ዘመዶቻችንን በአውቶሞቢሉ ቤት ለመጋበዝ አስበን ወለሉ እንዲያምር ተመኘን። ወደ ቀለም መደብር ሄደንም ከሁሉ ይልቅ የሚያብረቀርቀውን መርጠን ገዛን። ባለቤታችን ቆርቆሮዎቹን ባየች ጊዜ፥ «ይህ ወለል በክረምት ያልበዋል፤ በዚያ ጥግ ያኖርነው የጤፍ ጆንያ ሥሩ ሳይሻግት የወጣበት ክረምት የለም፤ እባክዎ በጋ እስኪሆን ይቆይ» አለችን። እኛም ቆርቆሮውን አንሥተን በላዩ የተጻፈውን «ውሃ አይበግረውም» የሚለውን ቃል አነበብንላት። ሥራውም በነሐሴ መጨረሻ ተፈጸመ።

በእንቁጣጣሽ ዕለት ወለሉ ያየውን ሁሉ አስደነቀ። እናታችን ግን ከቤተ ክርስቲያን በዝናብ ተመልሰው በረጠበ ጫማቸው ሲገቡ ገና ደፉን እንዳለፉ አዳለጣቸውና ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸውም አንጓ ተሰበረ። የመስቀል በዓል ሲደርስ ወለሉ እሳት እንደ ነካው ቆዳ ውሃ እየቋጠረ ያብጥ ጀመር። በጥቅምትም ወር አውቶሞቢሉ በሚቆምበት ቦታ ቅቡ ከጎማው ጋር እየተጣበቀ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። የገንዘቡ ኪሳራ ይረሳል። የእናታችን እጅ ግን ቢድንም እንዝርት እንደ ቀድሞው አይታዘዝለትም፤ ለልጅ ልጃቸው የጀመሩት የጋቢ ፈትልም በሌላ ሰው እጅ ተፈጸመ።

ለመሆኑ ኤፖክሲ ምንድን ነው? እንደ ተራ ቀለም ውሃው ወይም ቲነሩ ተንኖ በመድረቁ ብቻ የሚጠነክር አይደለም። ብዙውን ጊዜ በሁለት ዕቃ ይሸጣል፤ በአንደኛው ሙጫው፥ በሁለተኛው ማጠንከሪያው አለ። ሁለቱ በተደባለቁ ጊዜ እርስ በርሳቸው ተያይዘው አንድ ጠንካራ አካል ይሆናሉ፤ ከዚያም በኋላ ተመልሰው አይቀልጡም። ይህን ነገር ካስገኙት ሰዎች አንዱ የስዊስ አገር ኬሚስት ፒየር ካስታን ነው። እርሱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት የሠራው ለወለል ሳይሆን ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚስማማ ነገር ሲፈልግ ነበር። የጥርስ ሐኪም የተቦረቦረውን ጥርስ ሳያጸዳና ሳያደርቅ እንደማይሞላው ሁሉ የወለልም ባለሙያ ሳያጸዳና ሳያደርቅ መቀባት አይገባውም። ኤፖክሲ የሚይዘው ያገኘውን ነው፤ አቧራ ቢያገኝ አቧራውን፥ ዘይት ቢያገኝ ዘይቱን ይይዛል፤ እነዚያ ሲነሡም አብሮ ይነሣል።

በእኛ ወለል ላይ ያበጠው ውሃስ ከየት መጣ? ሲሚንቶ ለዐይን ጥጥር ድንጋይ ቢመስልም ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። ወለሉ ሲሠራ ከሥሩ ፕላስቲክ ካልተነጠፈ የአፈሩ እርጥበት በእነዚህ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣል። ባዶ ወለል እርጥበቱን ወደ አየር ስለሚተነፍሰው ጉዳቱ ብዙ አይታይም። ኤፖክሲ ግን አፉን ይከድነዋል፤ መውጫ ያጣውም እርጥበት ቅቡን ከሥር እየገፋ ከሲሚንቶው ይለየዋል። እንግዲህ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ከላይ ስለሚፈስበት ውሃ እንጂ ከታች ስለሚመጣው ውሃ የተነገረ አልነበረም።

እንደ ቦሌ ባሉት የአዲስ አበባ ሰፈሮች ቤት የሠሩ ሰዎች ሌላም ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በዚያ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋም ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተሠራውን ወለል ከፍና ዝቅ እያደረገ ያሰነጥቀዋል። በየዓመቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ ካለ ከላይ የሚቀባ ነገር አይፈውሰውም። እንዲህ ያለ ወለል ያለው ሰው አስቀድሞ ግንበኛ ያማክር እንጂ ገንዘቡን ለቀለም አያውጣ።

ወለሉን ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ወርዱና ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ተቆርጦ ዙሪያውን በማጣበቂያ ቴፕ ከወለሉ ጋር ይለጠፋል፤ ቢያንስ 16 ሰዓት ያህልም ይቆያል። ከዚያም ሲገለጥ ከፕላስቲኩ ሥር ጤዛ ቢገኝ ወይም ሲሚንቶው ጠቁሮ ቢታይ ወለሉ ያልበዋል ማለት ነው። ይህም ፈተና በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በመካከሉም በግድግዳውም ጥግ ሊደገም ይገባል። በውጭ አገር የወለል ባለሙያዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የሚፈትኑበት መንገድ ይኸው ነው፤ ስናስበው ግን ባለቤታችን ከጤፉ ጆንያ የተረዳችው ያንኑ ነበር።

አንድ ዋና ነገር ግን እንጨምራለን። በጥር ወር ደረቅ ሆኖ የተገኘ ወለል በነሐሴም ደረቅ ነው ማለት አይደለም። የሰው ጠባይ በመከራ ጊዜ እንደሚታወቅ የወለልም ጠባይ የሚታወቀው በክረምት ነው። ስለዚህ የምንመክረው፥ በክረምት እንዲፈተንና በበጋ እንዲቀባ ነው። በነሐሴ የወለሉን ላብ መርምሮ ያወቀ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሥራውን በርጋታ ሊፈጽም ይችላል፤ ለበዓል ለማድረስ የሚቸኩል ግን እኛ የሆነውን ይሆናል።

ወለሉ የሚያልበው ሆኖ ቢገኝ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። በመጀመሪያ የጣራው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው ሥር የሚያፈስ እንደ ሆነ ይታረም፤ በውጭም ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ከቤቱ ይራቅ። ይህ ከሆነም በኋላ እርጥበቱ ካልጠፋ፥ እርጥበትን ለመከልከል ተብሎ የተዘጋጀ ወፍራም ቀዳሚ ቅብ አለና ከዋናው ኤፖክሲ በፊት እርሱ ይቀባል። ይህን ለማድረግ አቅም የማይፈቅድለት ሰው፥ ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ የሚያጠነክረውንና ትንፋሹን የማይከለክለውን ፈሳሽ ቀብቶ ቢተወው ይሻለዋል። እንዲህ ያለው ወለል ባያብረቀርቅም አይላጥም።

ሁለተኛው ፈተና የጠብታ ፈተና ነው። ጥቂት ውሃ በወለሉ ላይ ቢንጠባጠብና ሲሚንቶው ቶሎ ቢጠጣው ቅቡንም ይቀበላል፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ቢቀመጥ ግን ዘይት ወይም አሮጌ ቅብ አለ ማለት ነው። በአገራችን የተለመደው ሊሾ ወለልም ከመለስለሱ የተነሣ ቅብ የሚነክሰው ነገር የለውም። የሞተር ዘይት የጠጣው ቦታ በዘይት ማስለቀቂያ ሳሙና ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ከዚያም በኋላ የወለሉ ፊት የአልማዝ ጥርስ ባለው መፈግፈጊያ መኪና ተፈግፍጎ እንደ ሸካራ ወረቀት መሆን ይገባዋል። አንዳንድ ሰዎች በዚህ ፈንታ በአሲድ ያጥባሉ። አሲድ ግን ዘይትን አያስለቅቅም፤ ወለሉንም እንደ ገና ያረጥበዋል። በአሲድ የሚሠራ ሰው ቢኖር ሁልጊዜ አሲዱን በውሃ ላይ ይጨምር እንጂ ውሃውን በአሲድ ላይ አያፍስ። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ከሆነም ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው ቅብ አይነካውም።

አሁን ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። በገበያ ሦስት ዓይነት ኤፖክሲ ይገኛል፤ በውሃ የቀጠነ፥ በቲነር የቀጠነ፥ ማቅጠኛ ፈጽሞ የሌለበት። የመጀመሪያው ሽታው ትንሽ፥ አቀባቡም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውሃው ተንኖ ሲሄድ የሚቀረው ስስ ነው። ሁለተኛው ሲሚንቶውን ጠልቆ ይይዛል፤ ሆኖም ትነቱ ለሳንባ የሚጎዳና በእሳት የሚያያዝ ስለ ሆነ ከመኖሪያ ጋር ለተያያዘ ቤት አንመርጠውም። ሦስተኛው የተቀባው ሁሉ በወለሉ ላይ ስለሚቀር ወፍራምና ጽኑ ነው፤ ዋጋውም ይበልጣል፥ ሥራውም ፈጣንና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ሻጩ የሚናገረውን ለመመዘን አንድ ቀላል ሒሳብ እናሳይ። አንድ ሊትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቢፈስ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአውቶሞቢሉ ቤት 4 ሜትር በ6 ሜትር እንደ ሆነ ስፋቱ 24 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ላይ ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲቀር ብንፈልግ ማቅጠኛ ከሌለበት ኤፖክሲ 6 ሊትር ያስፈልጋል። ግማሹ ውሃ ከሆነው ግን ለዚያው ውፍረት 12 ሊትር መግዛት ግድ ነው። እንግዲህ ሻጩ ግማሹ ውሃ የሆነውን ቅብ ይዞ፥ «2 ሊትር ይበቃዎታል» ቢል፥ የሚቀረው ውፍረት 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም በቢሮ ከምንጽፍበት ወረቀት ግማሽ አይሞላም። በወረቀት ግማሽ ላይ አውቶሞቢል አይቆምም። ከመንገድ የመጣ ጎማ የሞቀ ስለ ሆነ ስሱንና በደንብ ያልያዘውን ቅብ አጣብቆ ያነሣዋል። ስለዚህ ገዥ ሁሉ የቆርቆሮውን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት፥ «ከደረቀ በኋላ ከመቶው ስንት እጅ ይቀራል?» ብሎ ይጠይቅ።

ስለ ማዳለጥ ደግሞ ከሁሉ አብልጠን እንናገራለን። ለስላሳ ኤፖክሲ በደረቀ ጊዜ ባያስፈራም ውሃ ወይም ዘይት ሲነካው አደገኛ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ቅቡ ገና እርጥብ ሳለ ደቃቅ ንጹሕ አሸዋ ወይም አልሙኒየም ኦክሳይድ የሚባለው ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ሲደርቅ ትርፉ ተጠርጎ ሌላ ቅብ ይደረብበታል። አሸዋው እጅግ ሻካራ ከሆነ ለመጥረግና ለማጠብ ስለሚያስቸግር አስቀድሞ በአንድ ጣውላ ላይ ቀብቶ፥ ውሃ አፍስሶበት፥ በጫማ ረግጦ መፈተን መልካም ነው። በቤት ውስጥ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ካለ ይህ ነገር ለምርጫ የሚተው አይደለም።

የበሩ አቅጣጫም ይታሰብ። ኤፖክሲ የፀሐይ ብርሃን ሲመታው እየቆየ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ፀሐይ የሚገባበት ቤት ከሆነ ከላዩ ፖሊዩሪቴን የሚባለው ቅብ ቢደረብ ቀለሙም ይጠበቃል፥ ጭረትም ይቀንሳል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ቢሆን ቤቱን ያበራል፤ ከአውቶሞቢሉም የሚንጠባጠብ ዘይት ቢኖር ቶሎ ይታያል።

በሥራው ቀን ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሙጫውና ማጠንከሪያው በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ይለኩ፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ያበላሻል እንጂ አያፈጥንም። የተደባለቀውም በባልዲ ውስጥ ብዙ ከቆየ በራሱ እየጋለ እስከ መጨስ ይደርሳል፤ ስለዚህ ወዲያው ወለሉ ላይ ፈስሶ በሩሎ ይዘርጋ። ብዙዎቹ ዓይነቶች የወለሉ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ በደንብ አይጠነክሩም፤ የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዳም ስለ ሆነም ጠዋት ወለሉ ሞቅ ካለ በኋላ መጀመር፥ በሌሊትም በሩን መዝጋት ያስፈልጋል። በማግስቱ በእግር ቢረገጥም አውቶሞቢል ለማስገባት እንደ ቅቡ ዓይነት ከ3 እስከ 7 ቀን መታገሥ ይገባል።

የጤናም ነገር አይዘንጋ። ያልደረቀ ኤፖክሲ ቆዳን ደጋግሞ ሲነካ የማይለቅ ማሳከክና ቁስል ሊያስከትል ይችላል። ሠራተኛው የናይትራይል ጓንት ያድርግ፤ ቆዳውን ቢነካው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ እንጂ በቲነር አይጥረግ። ወለሉ ሲፈገፈግ የሚነሣው አቧራ ሲሊካ ስላለበት ሳንባን ይጎዳል፤ ተራ ሻሽ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም፥ ለዚህ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል። ሠራተኛውን ቀጥረን ያመጣነው እኛ ከሆንን ጤናው በእኛ አደራ ነው። ልጆችም ሥራው ተፈጽሞ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ወደዚያ አይቅረቡ።

እኛም በመጨረሻ ይህንኑ መንገድ ተከተልን። የተላጠውን ቅብ አስፈገፈግን፤ አሸንዳውን አስጠገንን፤ ቦይ አስቆፈርን፤ በሚቀጥለው ነሐሴ ፕላስቲኩን ለጥፈን ፈተንን። በአንደኛው ጥግ ጥቂት ላብ ስለ ተገኘ እርጥበት የሚከለክለውን ቀዳሚ ቅብ አስቀደምን፤ በጥር ወርም ማቅጠኛ የሌለበትን ኤፖክሲ ከአሸዋ ጋር አስቀባን። እነሆ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ወለሉ አልተላጠም። እንደ ፊተኛው ስለማያብረቀርቅ እንግዳ አያደንቀውም።

እናታችን በዚህ ወለል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በገቡ ቀን ደፉ ላይ ቆመው በበትራቸው ጫፍ ወለሉን ፈተግ ፈተግ አድርገው ካዩ በኋላ ነበር የተራመዱት። ባለቤታችን ደግሞ ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ የጤፉን ጆንያ ከጥጉ አስነሥታ ሥሩን በእጇ ዳበሰችና፥ «ደርቋል» አለች። እኛም በዚህ ጊዜ ከቆርቆሮው ላይ ምንም አላነበብንላትም።